ስለ ማገዶ እንጨትና ስለ ግቢ ሥራ መሣሪያ አመራረጥና አያያዝ

በከተማው ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ለነዋሪዎችና ለሹማምንት የተደረገ ንግግር




ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገርበት ጉዳይ ከላይ ሲመለከቱት እጅግ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። መጥረቢያን፣ መጋዝን፣ ዶማንና አካፋን የማያውቅ ሰው በመካከላችን የለምና። ሆኖም አንድን ነገር ዘወትር ማየት አንድ ነው፤ በሚገባ ማወቅ ደግሞ ሌላ ነው። እኔ ራሴ መጥረቢያ በልጅነቴ ይዤ ያደግሁ ሰው ስሆን፣ እውነተኛውን አያያዝ የተማርሁት ግን ከጐለመስሁ በኋላ፣ በሰው አገር፣ በካርቱም ከተማ በግቢ ጠባቂነትና በአትክልተኛነት በሠራሁባቸው ዓመታት ነው።

የንግግሬ ዐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ተስማሚ መሣሪያ ያለውና አጠቃቀሙንም የሚያውቅ ሰው ቅርንጫፉን ወስዶ ዛፉን ያተርፋል። ይህ የሌለው ሰው ግን ለጥቂት ቀን ማገዶ ሲል የሃያ ዓመት ዛፍ ይገድላል፤ ብዙ ጊዜም የገዛ እግሩን ያቆስላል። ይህንን በዐይኔ ያየሁት ስለ ሆነ፣ አስቀድሜ የካርቱምን ነገር ጥቂት ላስረዳችሁ።

በካርቱም የታየው

ካርቱም ከአገራችን የሚወርደው ጥቁር ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር በሚገናኝበት ቦታ የተሠራች ከተማ መሆኗን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መገናኛውን የአገሩ ሰዎች ሞግራን ይሉታል። ከዚያ ጥቂት ወደ ደቡብ፣ በነጭ ዓባይ ዳር፣ ሱንት የሚባለው የግራር ዓይነት የሞላበት ሰፊ ደን ነበር። ይህ ደን ወንዙ ሲሞላ በውኃ የሚዋጥ፣ ውኃው ሲጐድል እንደገና የሚያቈጠቍጥ፣ ከሩቅ አገር ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎችም የሚያርፉበት ነበር። የሱንት እንጨት ጠንካራና ከባድ በመሆኑ የኦምዱርማን ሠራተኞች ጀልባ ይሠሩበት ነበር፤ በባቡር ሐዲድ ሥር ይነጠፍ ነበር፤ በእንፋሎት መርከቦች ዘመንም ማገዶ ሆኖ አገልግሏል። ፍሬው ደግሞ ለቆዳ ማልፊያ ይፈለጋል።

በ1992 ዓ.ም. ከከተማው በስተ ሰሜን በጀይሊ የነዳጅ ማጣሪያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ የምግብ ማብሰያ ጋዝ በካርቱም ቤቶች እየተስፋፋ ሄዶ ነበር። ቢሆንም ከሰልና እንጨት ጨርሶ አልቀረም። በየመንገዱ ዳር ተቀምጠው ሻይ የሚያፈሉት ሴቶች፣ እንጀራ ጋግረው የሚያድሩት የአገራችን ልጆችም ከእሳት ጋር የሚውሉ ነበሩ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በከተማይቱ ውስጥ ጦርነት ተነሣ። ማጣሪያው በዚያው ዓመት ሥራውን አቋረጠ። ጋዝ ታጣ፤ የኤሌክትሪክ ኀይልም ተቋረጠ። በዚህ ጊዜ ሕዝቡ ዐይኑን ወደ ዛፍ መለሰ። መጋቢት 2017 ዓ.ም. የሱዳን ጦር መሀል ከተማውን መልሶ ሲይዝ፣ ያ የሱንት ደን በአብዛኛው የጉቶ ሜዳ ሆኖ ተገኘ። ከፊሉ ለቤት ማገዶ፣ ከፊሉም ለሽያጭ ተቆርጦ ነበር። በዚህ የካርቱምን ሕዝብ መውቀስ አይገባም። ድስቱ ጥሬ ሆኖ ልጆቹ የሚያለቅሱበት ሰው ዛፍ ሲቆርጥ ይህን ለምን አደረግህ ተብሎ አይጠየቅም። መጠየቅ የሚገባው ችግሩ ከመምጣቱ በፊት ምን ተዘጋጅቶ ነበር ተብሎ ነው።

እኔ በነበርሁበት መንደር በአንድ መንገድ ላይ፣ ትይዩ የቆሙ ሁለት የኒም ዛፎች ነበሩ። አንደኛውን ጐረምሶች በደነዘ መጥረቢያ ተረባርበው ከሰው ትከሻ ቁመት ላይ ጨፈጨፉት። ግንዱ ተፈረካክሶ፣ ቅርፊቱ እስከ ሥሩ ተላጠ። ከሥራው ላይም አንዱ ልጅ የመጥረቢያው ራስ ከእጀታው ተመዝዞ ወጥቶ ቅልጥሙን መታው፤ ሐኪም ቤቶች በተዘጉበት ወቅት ነበርና መከራውን አየ። ሁለተኛውን ዛፍ ግን ሐጅ እያልን የምንጠራቸው አንድ ሽማግሌ በአሮጌ የእጅ መጋዝ ቅርንጫፍ ቅርንጫፉን እየመረጡ ቆረጡት፤ አናቱን ግን አልነኩትም። ከሁለቱ ዛፎች የተገኘው የማገዶ ልክ ብዙም አይበላለጥም ነበር። በሰኔ ወር በገላባትና በመተማ በኩል ወደ አገሬ ለመመለስ ስነሣ፣ የሽማግሌው ዛፍ ለምለም ቀንበጥ አውጥቶ ነበር። የመጀመሪያው ግን አንድ ቅጠል አላበቀለም።

እንግዲህ በሁለቱ ዛፎች መካከል የነበረው ልዩነት የመሣሪያና የዕውቀት ልዩነት ብቻ ነው። ከዚህ በታች የምዘረዝረውም ስለዚሁ ነው።

ስለ መጥረቢያ

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ መጥረቢያ ሁሉ አንድ አለመሆኑ ነው። ግንድ ለመቁረጥ የሚሆነው መጥረቢያ ስስ ስለት ያለውና ክብደቱ ከ1 ኪሎ ተኩል እስከ 2 ኪሎ የሚደርስ ነው። ፍልጥ ለመፍለጥ የሚሆነው ግን እንደ ሽብልቅ ጐኑ የሰፋ፣ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ተኩል የሚመዝን ነው። ስሱን መጥረቢያ ለፍልጥ ብንጠቀምበት በእንጨቱ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። ወፍራሙን ለመቁረጥ ብንጠቀምበት ደግሞ እንጨቱን ይቀጠቅጠዋል እንጂ አይቆርጠውም። አንድ ብቻ የሚገዛ ቤተ ሰብ ብዙውን ጊዜ ተቆርጦ የመጣ እንጨት የሚፈልጥ ስለ ሆነ፣ ወፍራሙን መግዛት ይሻለዋል።

ገበያ ላይ መጥረቢያ ስትመርጡ ቀለሙን አትመልከቱ። ራሱን በሌላ ብረት መታ መታ አድርጉት፤ ጥሩ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀው ግን የታፈነ ድምፅ ያሰማል። ስለቱን በሞረድ ጥቂት ፋቅ አድርጉት፤ ሞረዱ በጥቂቱ የሚይዘው ይሁን። እንደ ቅቤ የሚላጥ ከሆነ ለስላሳ ነው፤ ቶሎ ይታጠፋል። ሞረዱ ጨርሶ የሚያንሸራትተው ከሆነ ደግሞ እጅግ የጠነከረ ስለ ሆነ ስለቱ ይሸረፋል።

እጀታው ከብረቱ ያላነሰ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በአገራችን ወይራ ለዚህ የተመሰገነ ነው። እጀታው ጉጥ የሌለበት፣ የእንጨቱም መሥመር ከላይ እስከ ታች ሳይቋረጥ የሚወርድ መሆን አለበት። ጫፉን ስትመለከቱ በእንጨቱ ላይ የሚታዩት መሥመሮች ከስለቱ ጋር በአንድ አቅጣጫ ቢሄዱ ጠንካራ ነው፤ ስለቱን አቋርጠው ቢሄዱ ግን በአንድ ብርቱ ምት ሊሰበር ይችላል። ቀለም የተቀባ እጀታ ጉድለቱን ስለሚሸሽግ ያልተቀባውን ምረጡ፤ ቤት ወስዳችሁ በተልባ ዘይት እሹት።

ብዙ ሰዎች የላላ መጥረቢያ ሲያጋጥማቸው ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው ያድራሉ። ይህ ልማድ አደገኛ ነው። እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ለጊዜው ያብጥና የጠበቀ ይመስላል፤ ሲደርቅ ግን ከቀድሞው ይበልጥ ይላላል። በካርቱም ሙቀቱ በሚያዝያና በግንቦት ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ፣ ጧት የጠበቀ መጥረቢያ ቀትር ላይ ይላላ ነበር። ተገቢው መድኀኒት በእጀታው ራስ ላይ ደረቅ የእንጨት ሽብልቅ መምታት ነው። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ዘወትር መጥረቢያውን ገልብጣችሁ ራሱን በእጃችሁ አነቃንቁት። የሚነቃነቅ መጥረቢያ ይዞ ሥራ መጀመር አይገባም።

ስለ መጋዝ

እንደ ታዘብሁት፣ በብዙ ቤት መጥረቢያ አለ፤ መጋዝ ግን የለም። ጉዳቱም ያለው እዚህ ላይ ነው። መጥረቢያ በቆረጠ ቍጥር ከእንጨቱ ብዙ ፍቅፋቂ ያባክናል፤ የቆረጠውንም ቦታ ያቆስለዋል። መጋዝ ግን ጣት የማያህል ቀጭን መንገድ ከፍቶ ያልፋል፤ ቁስሉም ለስላሳ ስለ ሆነ ዛፉ ቶሎ ይሽርለታል።

ለእርጥብ እንጨት ጥርሱ ትልልቅና ዘርዘር ያለ መጋዝ ያስፈልጋል፤ እርጥብ እንጨት ብናኙ ስለሚያብጥ ጥቃቅኑን ጥርስ ይደፍነዋል። ለደረቅ እንጨትና ለአናጢ ሥራ የሚሆነው ግን ጥርሱ ጥቃቅንና የተጠጋጋ ነው። የአናጢ መጋዝ ይዞ ዛፍ ላይ መውጣት መጋዙንም ዛፉንም ማበላሸት ነው። የመጋዝ ጥርሶች አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ ጥቂት ዘመም ያሉ መሆናቸውን ተመልከቱ። ይህ መዝመም መጋዙ የሚያልፍበትን መንገድ ሰፋ ስለሚያደርገው መጋዙ አይጣበቅም። ጥርሱ የተስተካከለ አዲስ መጋዝ ያለ ኀይል በራሱ ክብደት ይወርዳል። ሰው ተጭኖ የሚገፋው መጋዝ ሞረድ የሚያስፈልገው ነው።

ትልቅ ቅርንጫፍ ለመቁረጥ ሦስት ጊዜ መጋዝ ይገባል። መጀመሪያ ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ርቃችሁ ከሥር ወደ ላይ እስከ ሲሶው ቁረጡ። ሁለተኛ፣ ከዚያ ጥቂት ወደ ውጪ ፈቀቅ ብላችሁ ከላይ ወደ ታች ቁረጡ፤ ቅርንጫፉ ቅርፊት ሳይልጥ ይወድቃል። ሦስተኛ፣ የቀረውን አጭር ጉማጅ ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት እብጠት አጠገብ፣ እብጠቱን ሳትነኩ ቁረጡ። ዛፉ ቁስሉን የሚሸፍነው ከዚያ እብጠት ተነሥቶ ነውና። ሽማግሌው ሐጅ ያደርጉ የነበረው ይህንኑ ነው።

ለባሕር ዛፍም ይኸው ደንብ በሌላ መልክ ይሠራል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያዳናት፣ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው እንደገና ስለሚያቈጠቍጥ ነው። ነገር ግን እንዲያቈጠቍጥ ከመሬት አንድ ስንዝር እንኳ በማይሞላ ከፍታ፣ በመጋዝ፣ ውኃ እንዳይቋጥር ጥቂት ዘመም ተደርጎ መቆረጥ አለበት። ከፍ ብሎ በመጥረቢያ የተጨፈጨፈ ጉቶ ቅርፊቱ ስለሚለቅ፣ የሚወጣው ቀንበጥ በነፋስ ይገነጠላል። ብዙ ቀንበጥ ሲወጣም ሁለት ወይም ሦስት ጠንካሮቹን ትቶ ሌላውን ማንሣት ያሻል።

ስለ ሞተር መጋዝ

የሞተር መጋዝ አሥር ሰው በቀን የሚሠራውን ሥራ በጥቂት ሰዓት ይፈጽማል። ስለዚህም እጅግ ጠቃሚና እጅግ አስፈሪ መሣሪያ ነው። ለአንድ ቤተ ሰብ ማገዶ አያስፈልግም። ለማዘጋጃ ቤት፣ ለትምህርት ቤትና ለትልቅ ግቢ ግን አንድ መኖሩ መልካም ነው፤ ይኸውም የሠለጠነ ሰው ሲይዘው ነው።

የሞተር መጋዝ ትልቁ አደጋ የሚመጣው ሰንሰለቱ ከሚዞርበት ረጅም ብረት ጫፍ ነው። የጫፉ የላይኛው ክፍል እንጨት በነካ ጊዜ መጋዙ በቅጽበት ወደ ላይና ወደ ሠራተኛው ፊት ይወረወራል። ስለዚህ በጫፉ መቁረጥ፣ ከትከሻ በላይ አንሥቶ መቁረጥ፣ በአንድ እጅ መያዝ፣ መሰላል ላይ ቆሞ መጠቀም ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ሠራተኛው የራስ ቍር፣ የዐይን መከላከያ፣ የጆሮ መድፈኛ፣ ወፍራም ጫማና ለዚሁ ሥራ የተሠራ ሱሪ ማድረግ አለበት። ስትገዙም ሰንሰለቱን በቅጽበት የሚያቆም ፍሬን ያለውን ብቻ ግዙ፤ የመለዋወጫ ሰንሰለት በከተማችሁ መገኘቱንም አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ነዳጁ ቤንዚንና የሞተር ዘይት የተቀላቀለ ነው። ብዙዎቹ ለ50 እጅ ቤንዚን 1 እጅ ዘይት የሚጠይቁ ሲሆን፣ ትክክለኛው ልክ ከመሣሪያው ጋር በመጣው መጽሐፍ ይገኛል። ሞተሩ እንደ ጋለ ነዳጅ መጨመር እሳት ያስነሣል። ዛፍ ከመጣል በፊት የሚወድቅበትን አቅጣጫ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና የሰው መተላለፊያ መኖር አለመኖሩን መመልከት፣ የሚሸሹበትንም መንገድ ከኋላ በአግድመት አስቀድሞ መጥረግ ያስፈልጋል። ብቻውን ሆኖ የሞተር መጋዝ የሚያስነሣ ሰው፣ ቢቆስል ማን እንደሚደርስለት ያላሰበ ሰው ነው።

ስለ መፍለጥና ስለ ማድረቅ

አሁን ደግሞ ከመሣሪያው ወደ እንጨቱ እንለፍ። ለመፍለጥ ወፍራም ጉማጅ ከጕልበት በታች በሆነ ከፍታ ትከሉና እንጨቱን በላዩ አቁሙ። ድንጋይ ላይ ወይም ባዶ መሬት ላይ የሚፈልጥ ሰው ስለቱን ይሰብራል። እግራችሁን ከፍታችሁ ቁሙ፤ መጥረቢያው ቢስት ጉማጁን እንጂ ቅልጥማችሁን እንዳያገኝ ሆናችሁ ቁሙ። ጉጥ ያለበትን እንጨት ከመሀል ሳይሆን ከዳር ከዳር ፍለጡት፤ እምቢ ካለም በብረት ሽብልቅና በከባድ መዶሻ ክፈሉት። መጥረቢያን በመዶሻ መምታት ግን ብረቱ ተፈንጥሮ ዐይን ሊያጠፋ ስለሚችል አይገባም። ልጆችና ከብቶች በአጠገብ እንዳይኖሩ ጠብቁ።

እርጥብ እንጨት ከክብደቱ እስከ ግማሽ ድረስ ውኃ ነው። 30 ኪሎ እርጥብ ሸክም ብንወስድ 15 ኪሎው ውኃ ሊሆን ይችላል። ያው ሸክም በሚገባ ሲደርቅ ወደ 19 ኪሎ ይወርዳል፤ ይኸውም ወደ 11 ኪሎ የሚሆን ውኃ ጠፍቶ ማለት ነው። ከእንጦጦ ተራራ ጀርባቸው ጐብጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ያያችሁ ሁሉ፣ ይህ 11 ኪሎ ምን ማለት እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። ሸክሙም ብቻ አይደለም። ያን ውኃ አትንኖ ለማስወጣት ከ1 ኪሎ ተኩል በላይ ደረቅ እንጨት የሚሰጠው ሙቀት ይባክናል። ከዚያም የሚብሰው፣ የቀዘቀዘው እሳት እንጨቱን በሙሉ ስለማያነደው፣ የቀረው በጭስ መልክ ወደ እናትና ወደ ሕፃናት ዐይንና ሳንባ ይገባል።

እንጨት የሚደርቀው ከግንድነቱ ይልቅ ከተፈለጠ በኋላ ነው፤ ቅርፊት ውኃን ይዞ ያቆያልና። በደጋው አገራችን በጥቅምትና በኅዳር የተፈለጠ እንጨት እስከ ግንቦት ድረስ ነፋስ ቢያገኝ ለክረምት ይደርሳል። ከመሬት በድንጋይ ወይም በወራጅ ላይ ከፍ አድርጋችሁ ደርድሩት፤ ከላዩ ቆርቆሮ አልብሱት፤ ጐኑን ግን ለነፋስ ክፍት ተዉት። ከመሬት ማንሣቱ ስለ እርጥበት ብቻ ሳይሆን ስለ ምስጥም ነው። በካርቱም መሬት ላይ የተጣለ እንጨት ምስጥ ውስጡን በልቶት ቅርፊቱ ብቻ ሲቀር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። መድረቁንም ለማወቅ ሁለት ፍልጥ አጋጩ። ደረቅ እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ጫፉም ይሰነጣጠቃል።

ከሰልን በሚመለከት፣ በተለመደው የአፈር ክምር ለ1 ኪሎ ከሰል ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይጠፋል። ስለዚህ ደረቅ እንጨት በመልካም ምድጃ ማንደድ ከሰል ከመጠቀም ይልቅ ዛፍን ይቆጥባል። ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል፤ ከሰል ለሚጠቀምም ላቀች የተባለው ምድጃ ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ይሻላል። ይልቁንም በብርድ ሌሊት የከሰል ምድጃ ዘግተውበት የሚተኙ ሰዎች እንዳሉ ስለማውቅ አደራ እላለሁ፤ የከሰል መርዝ ሽታ ስለሌለው የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል።

ስለ ግቢና ስለ ውኃ መውረጃ

የግቢ ሥራም እንደ ማገዶ ሥራ ጊዜውን ጠብቆ መከናወን አለበት። በካርቱም በጭቃ የተሠሩ ቤቶች ዝናብ ከመጀመሩ በፊት በጭቃና በእበት ይለሰናሉ፤ ይህን ያልፈጸመ ሰው ግድግዳው በመጀመሪያው ዶፍ ይሟሟል። በሐምሌ 1980 ዓ.ም. በካርቱም በአንድ ቀንና ሌሊት ከ200 ሚሊሜትር የበለጠ ዝናብ ወረደ፤ ይኸውም ከተማው በዓመት ከሚያገኘው የሚበልጥ ነው። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ወንዙ ከ17 ሜትር ተኩል በላይ ወጥቶ፣ መንግሥት የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አወጀ። እንዲህ ያለውን ጐርፍ አካፋ ብቻውን አያቆመውም። ነገር ግን ቦዩ የተጠረገለት መንደር ውኃው በቶሎ ሲሸሽለት፣ ያልተጠረገለት መንደር ግን ለሳምንታት ሲዋኝ አይተናል።

ለዚህ ሥራ ሁለት ዓይነት አካፋ ያስፈልጋል። ጫፉ ሾጠጥ ያለው ለመቆፈር፣ አፉ ጠፍጣፋ የሆነው ደለል ለመዛቅ ነው። ዶማ የጠነከረውን መሬት ይፈታል፤ የእጅ ጋሪ ደግሞ የተዛቀውን ያርቃል። የተዛቀ ደለል በቦዩ ዳር ክምር ሆኖ ከቀረ በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ይገባል፤ ይህም የብዙ ከተሞች ስሕተት ነው። ከሥራ በኋላ መሣሪያውን ማጠብ፣ ማድረቅና ብረቱን በአሮጌ ዘይት ማበስ ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ የመሣሪያውን ዕድሜ ግን በብዙ ዓመት ያራዝማል።

ለሹማምንት የማቀርበው ዐሳብ

በመጨረሻ ለክቡራን ሹማምንት ሦስት ነገሮች በትሕትና ላሳስብ እወዳለሁ።

አንደኛ፣ ድኻ ሰው መጋዝና ብረት ሽብልቅ መግዛት ስለሚከብደው፣ በየቀበሌው በመዝገብ እየተፈረመ የሚሰጥና የሚመለስ የመሣሪያ ዕቃ ቤት ቢቋቋም መልካም ነው። አምስት መጋዝ፣ አምስት መጥረቢያ፣ ጥቂት ሞረድና ሽብልቅ ለአንድ መንደር ይበቃል።

ሁለተኛ፣ በየመንገዱና በየትምህርት ቤቱ ያሉ ዛፎች ተቆጥረው፣ በየዓመቱ በበጋ ከየትኛው ቅርንጫፍ እንደሚወሰድ ቢወሰን፣ ቅርንጫፉም ለችግረኞች ቢታደል፣ ሕዝቡ ዛፉን እንደ ራሱ ይጠብቀዋል። ያለ ፈቃድ የሚቆርጥን መቅጣት ተገቢ ቢሆንም፣ በፈቃድ የሚወስድበትን መንገድ ሳያሳዩ መቅጣት ብቻውን ዛፍ አያድንም።

ሦስተኛ፣ ጋዝም ሆነ የኤሌክትሪክ ኀይል አንድ ቀን ሊቋረጥ እንደሚችል በማሰብ፣ በከተማው ዳር ቶሎ የሚደርስ የማገዶ ዛፍ አስቀድሞ ማስተከል ያስፈልጋል። ካርቱም ጋዝ በነበራት ዓመታት ስለ ማገዶ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነበር። ቀኑ ሲመጣ ግን የቀረበው ዛፍ ሁሉ ተቆረጠ።

የተከበራችሁ ነዋሪዎች፤ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ነገር ብቻ እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። መጥረቢያችሁን ከተጣለበት አንሡና ራሱን አነቃንቁት። ከላላ ሽብልቅ ምቱበት፤ ከደነዘ ሞርዱት። ከዚያም በግቢያችሁ ያለውን ዛፍ ተመልከቱና የትኛው ቅርንጫፍ ቢነሣ ዛፉ እንደማይጐዳ በልባችሁ ምረጡ። እኔ ከካርቱም ስመለስ ገንዘብም ዕቃም ይዤ አልመጣሁም፤ ሽማግሌው በመሰናበቻዬ ቀን የሰጡኝን ያን አሮጌ መጋዝ ግን በጨርቅ ጠቅልዬ አምጥቼዋለሁ። እነሆ ከዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። ጥርሱን ማየት የሚወድ ሁሉ ከስብሰባው በኋላ ቀርቦ ሊመለከተው ይችላል።